ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

መሐል ሜዳ ተማሪ ቤት፣ አንደኛ ክፍል ስገባ፣
ጆሮዬ በነጠላ ተጠምጥሞ፣ አፍንጫዬ እያነባ፣
መምህር አምኃ መዝገቡን ገለጠ፤ ስሜ ላይ ደርሶ ቆመ፤
ብዕሩን ከጆሮው አወረደ፣ ፊደሉን በጣቱ ደጋገመ።
«ገናነሽ» አለ፤ ደግሞም «ገናነሽ»፤
«ያዝ ላድርገው ወይ ልልቀቀው? እንዴት ነው የሚሉሽ?
ይጠብቃል ወይስ ይላላል፣ ይቺ ና?»
አላወቅሁም። ክፍሉ ሳቀ። አንገቴ አልል አለኝ ቀና።

ሰባት ዓመቴ ነው። በየት በኩል ላውቀው?
ፊደል ሁሉን ጽፎ ይቺን ነው የሚደብቀው።
ቢጠብቅም አንድ ና፣ ቢላላም አንድ ና፤
ቀለሙ አይወፍርም፣ ነጥብም የለውና።

አባቴ ሸዋቀና ያጠብቃት ነበር፦
«ሜዳ ላይ ነበርን፤ የላይ አምባና የታች አምባ ለአንዲት ሩር ስንሰባበር፣
ሀብታም ከደሃ ሳይለይ የሁሉም ቁርጭምጭሚት ሲላጥ፣
ጀንበር ልትጠልቅ ስትንደረደር፣ የኛ ወገን ሊበልጥ፣
አንዱ ልጅ ሮጦ መጣ፤ ‹ሴት ናት› አለኝ እያለከለከ፤
ጥዬ ሄድኩ። ወገኔ ተሸነፈ፤ እስከ ፋሲካ በኔ ላይ አላከከ።
ገና ነሽ፤ የዚያን ቀን ነሽ፤ የተሸነፍኩብሽ በዓል!»
ይልና ይስቃል፤ ያንን ቆልማማ ዱላ ከማገር ያወርዳል፣ ይሰቅላል።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ደግሞ መጽሐፍ አገላብጠው፣
«‹ገናና ነሽ› ነው ልጄ፤ አንዲት ና ወድቃ ነው» አሉኝ፤ በምርኩዛቸው መሬት ጭረው ጽፈው
የወደቀችውን መለሱልኝ፤ አየኋት አፈር ላይ ለአፍታ፤
ወዲያው የጎረቤት በግ ረገጣት፣ ስሜም ተመለሰ ወደ ጥንቱ ቦታ።

ሌላ ገናነሽ አላየሁም፤ ሞላሌም ወርጄ፣ ደብረ ብርሃንም ስኖር፤
«ገናነሽ!» ሲባል በገበያ፣ ከኔ በቀር ሰው አይዞር።
ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሃያ ሦስት ዓመት የሱፍ ክር ስቀጥል፣
አለቃዬ ያላላዋል፣ ሴቶቹ ያጠብቁታል፤ እኔ «አቤት» እላለሁ፣ ለሁሉም እኩል።

እናቴን አልጠየቅኋትም። ሰው እናቱን የስሙን ነገር አይጠይቅም፤
ውሃን «ለምን ረጠብክ» ማለት ነው፤ ከልጅ አይጠበቅም።
አምና ኅዳር ግን፣ ከአጥሩ ጥግ ፀሐይ እየሞቀች ሱፍ ስትፈትል፣
ጠየቅኋት። እንዝርቷን አቆመች፤ ክሩን በከንፈሯ አራሰችው፣ ልትቀጥል።

«አባትሽ ከሜዳ ነው ያመጣት፣ መሪጌታም ከመጽሐፍ፤
እኔ መደብ ላይ ነበርኩ፣ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ሳላርፍ።
ዘርፈሽዋል አዋላጇ እግሬ ሥር ተቀምጣ፣
‹ደረሰ ወይ?› ስላት — ነፍሴ ልትወጣ —
‹ገና ነሽ› ትለኛለች። ዶሮ ጮኸ፤ ‹ገና ነሽ።›
ምጡ ተመልሶ መጣ፤ ማርያምን ጠራሁ፤ ‹ገና ነሽ፣
ብርቄ፣ ገና ነሽ።› ከውጭ የዱላው ቀጭ ቀጭታ፣ የሰዉ ጩኸት ይሰማል፤
እኔ ግን ከዓለም የቀረኝ ያ ቃል ብቻ ይመስላል።
መጨረሻ ላይ ድምፅሽን ሰማሁ፤ ዘርፈሽዋል ዝም አለች።
‹ማን እንበላት?› ሲሉኝ፣ ካፌ ሌላ ስም ጠፋ፤ ያቺው ብቻ ነበረች።
ላንቺ የተባለ አይደለም፤ ለኔ ነው የተባለው።
አንቺ የያዝሽው የኔን ነው» ብላ፣ እንዝርቷን አሾረችው።

ባለፈው ወር ልጠይቃት ሄጄ፣ ከመኪና ወርጄ ዳገቱን ስጀምር፣
ጉም አገሩን ዋጠው፤ ጉልበቴም ከዳኝ፤ ካቡን ተደግፌ ስቆጥር
እርምጃዬን፣ አንዲት ልጅ ጀሪካን አዝላ ከጉሙ ወጣች፤
«ደረስኩ ወይ ልጄ፣ ከነብርቄ ቤት?» ብላት፣ ሽቅብ አየች።
ስሜን አታውቅም፣
እኔንም አታውቅም፤
«ገና ነዎት» አለችኝ በአንቱታ፣ ናዋን አላልታ።
«አቤት» አልኳት፤ ቆማ አየችኝ፣ ግራ ተጋብታ።